የማይታጠበው ገጽ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የአገሩን ስም ግን አትጠይቁኝ። ስሙን ያነሣሁ እንደሆነ «እዚያማ ዘመድ አለኝ» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም፤ ወሬውም በዚያው ይቀራል። ከተራሮቹ ወዲያ ነበረ ልበላችሁና እንለፈው።

በዚያ አገር ገንዘብ ማለት ወረቀት ነበር፤ በወረቀቱም ላይ የንጉሡ ፊት ታትሞበት ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ገንዘቡን «ገጽ» ብሎ ይጠራዋል። ጨው በገጽ ይገዛል፣ በግ በገጽ ይሸጣል፣ ሙሽራ በገጽ ትዳራለች። ገጽ የተቀበለ ሰው ወደ ኪሱ ከመክተቱ በፊት በከንፈሩ መሳም አለበት፤ ሕግ ነው። ሳይሳም የተከተተ ገጽ እንደ ተሰረቀ ይቆጠራል፤ ባለቤቱም ገበያ መካከል ይገረፋል። ገጽ ማጠብ ክልክል ነው፤ ታጠበ ከተባለ ቆሽሾ ነበር ማለት ይሆናላ! መቅደድና ማቃጠልማ አይወራም።

ከዚህ የተነሣ በዚያ አገር አንዴ የታተመ ገጽ አይሞትም። ከሥጋ ሻጭ ወደ ሸማኔ፣ ከሽንት ቤት ጠራጊ ወደ ዳቦ ጋጋሪ ሲዞር ይኖራል። ሴቶች በጡታቸው መካከል ይወሽቁታል፣ ወንዶች በጫማቸው ውስጥ ይረግጡታል፣ ነጋዴ በምራቅ ባራሰው ጣት ያገላብጠዋል። እያደር ቅባት ይጠጣል፣ ጠርዙ ይተለተላል፣ መልኩ እንደ ጉበት ይጠቁራል፣ ይሸታል። ሽታውን «የክብር ሽታ» ይሉታል። አዲስ ገጽ የሚያከብረው የለም። ሰው በእጁ ያረጀ ገጽ ሲገባ ግን «ስንቱ አፍ አርፎበታል!» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚስመው።

ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ሹም ነበረ፤ ማዕረጉ አቃቤ ገጽ ይባላል። በዘመኑ አቃቤ ገጽ የነበረው ክንፉ የሚባል፣ ቁመተ ረጅም፣ ቃሉን መጥኖ የሚናገር ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት በአደባባይ ወጥቶ፣ ሕዝቡ እያየው፣ አንድ ያረጀ ገጽ ይስማል። ቀኑ የሚጀመረው በዚያ ነው።

ወሬዬ የሚነሣው በአንድ ክረምት መግቢያ ነው። በከተማው ሰው ሆዱን ይቆርጠው፣ ያስቀምጠው፣ ያስመልሰው ጀመር። መጀመሪያ ሕፃናት፣ ቀጥሎ ነጋዴዎች፣ ኋላ ማን ቀረ? ገበያተኛው ሸቀጡን ጥሎ ወደ ወንዝ ዳር ይሮጣል፤ ሲመለስ ደንበኛው ሮጦ ሄዷል። መቃብር ቆፋሪ ዶማውን ለማሳረፍ ጊዜ አጣ። ያን ጊዜ ከቤተ መንግሥት አዋጅ ነጋሪ ወጣ።

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! በአገራችን በሽታ የለም። ያለው የሆድ ቅልጥፍና ነው። በሽታ አለ ያለ ምላሱ ይጠየቃል!»

ከዚያ ወዲያ ሰው ወደ ሐኪም ቤት እየተደገፈ ሲመጣ፣ «ምን ሆነህ ነው?» ቢሉት፣ ግራ ቀኙን አይቶ «ቀልጥፌ ነው» ይላል። የሞተበትም ሰው «ልጄ ቀለጠፈብኝ» እያለ ያለቅሳል።

የከተማው ሐኪም ሴት ነበረች፤ አትጠገብ ትባላለች። ባሕር ተሻግራ የተማረች ናት፤ ስትመለስ ረቂቁን ነገር የሚያጎላ መነጽር ይዛ መጥታለች። የአቃቤ ገጹ የክንፉ ታናሽ እህት ናት። እናታቸው ሁለቱንም በአንድ ጀርባ አዝላ ያሳደገቻቸው ናቸው። ሲያድጉ ግን እሱ ወደ ግቢ፣ እሷ ወደ በሽተኛ ሄዱና፣ የሚገናኙት በዓመት በዓል ብቻ ሆነ።

አትጠገብ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች። ከቤት ቤት ትሮጣለች፤ ውሃ ታስፈላለች፣ ጨውና ማር ትበጠብጣለች። ከምታክማቸው መካከል ደብሪቱ የምትባል ቅቤ ሻጭ ነበረች። ባሏ በረሃ ወርዶ የቀረባት፣ ስንዱ የምትባል ጥርስ የምታወጣ ልጅ ያለቻት ሴት ናት። ስንዱ እናቷ ገበያ ስትቀመጥ እቅፏ ውስጥ ሆና፣ ድዷ ሲያሳክካት ከእናቷ ደረት ገጽ እየሳበች ታኝካለች። ገበያተኛው ያይና «እሰይ! ገና በጡት ንጉሥ ስትስም!» ይላል። ያቺ ልጅ ታማ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ቆዳዋ እንደ አሮጌ ቁርበት ተጨማዶ አትጠገብ ደረሰችላት። በማንኪያ እያጠጣች፣ ሌት ከቀን አብራት ተቀምጣ፣ ነፍሷን መለሰችላት።

«እሜቴ፣ ምን አድርጌ ልክፈልዎ?» አለች ደብሪቱ፣ እጇን ወደ ደረቷ እየሰደደች።

«ተይው፣ አልፈልግም። ይልቅ ይህን ገጽ በልጅቷ አፍ እንዳታስገቢው» አለች አትጠገብ።

ይህን ያለችው ገና ሳታውቅ ነው፤ ሽታው ከብዷት ብቻ። ነገር ግን ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ አልለቀቃትም። በማግሥቱ እንደ ልማዷ እስረኞችን ልታይ ወደ ወህኒ ሄደች። ወህኒው ጠባብ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ቅማሉ ከሰው ይበዛል። ከእስረኞቹ ግን አንድም የቀለጠፈ የለም። በሩ ላይ የቆሙት ዘበኞች ናቸው ሆዳቸውን ይዘው የሚጎነበሱት። ቆማ አሰበች፤ እስረኛ የሌለው ምንድን ነው? ነፃነት የለው፣ ፀሐይ የለው፣ ገንዘብ የለው። ወዲያው ደግሞ የግቢው ወሬ ትዝ አላት፤ የንጉሡ ወጥ ቤቶች ታመዋል፣ ኮርቻ ጫኞቹ ታመዋል፣ ንጉሡ ግን ደኅና ናቸው። ለንጉሡ ሁሉን የሚከፍልላቸው ሌላ ነው፤ ከተወለዱ ገጽ ነክተው አያውቁም።

ቤቷ ሮጣ ገባችና ከኪሷ አንድ ያረጀ ገጽ አውጥታ ከመነጽሩ በታች ዘረጋችው። ያየችውን እንዴት ልንገራችሁ? የንጉሡ ጉንጭ ይንቀሳቀሳል። ጺማቸው ውስጥ እንደ ዘንግ የቀጠኑ፣ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። የስንዱን ፍሳሽ አምጥታ አየች፤ ያው ዘንጎች ናቸው። ያን ገጽ ያንኑ ዕለት ጠዋት ከንፈሯ ላይ አሳርፋው ነበርና፣ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ እስኪደማ ድረስ ፈተገችው።

ወደ ወንድሟ ሄደች። ክንፉ ሰዎቹን አስወጥቶ ሰማት።

«ወንድም ጋሼ፣ የሚገድለን ገጹ ነው። በዚህ አገር ሆዳቸው ደኅና የሆነ እስረኞቹና ንጉሡ ብቻ ናቸው።»

«ይህን ለሌላ ሰው ተናገርሽ?»

«ላንተ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው አልሰማሁሽም። ወደ ቤትሽ ግቢ።»

«ልጆች እየሞቱ ነው፣ ክንፉ!»

ስሙን ያለ ጋሼ ስትጠራው ልጅነታቸው ካለቀ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ብድግ ብሎ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ፤ በመስኮት አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ። በመጨረሻ «ሸንጎ አቀርብሻለሁ» አለ። «‹ቆሻሻ› የምትል ቃል ግን ከአፍሽ እንዳትወጣ። ‹እንግዳ› በያቸው።»

ሸንጎ ቀረበች። እንግዶቹን በመነጽር አሳየች። መኳንንቱ በየተራ አጎንብሰው አዩ፤ ከዚያም ክርክር ሆነ። አንዱ፣ እንግዶቹ የሰፈሩት በንጉሡ ግንባር ነው ወይስ በጺማቸው ብሎ ጠየቀ፤ በጺማቸው ከሆነ የጺም ዘብ ናቸው፣ መባረር የለባቸውም አለ። ሌላው፣ በንጉሡ ፊት ላይ ሲኖሩ ግብር ይገብራሉ ወይ ሲል አጥብቆ ያዘ። ኋላ ሊቀ ከንፈር የሚባለው፣ ሕዝቡን አሳሳም የሚያስተምረው ሽማግሌ ሹም ተነሣ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «የንጉሥ ፊት እንግዳ ከየት ያመጣል? ከሳሚው አፍ ነው እንጂ! የቆሸሸው የሕዝቡ አፍ ነው።»

ሸንጎው ሁሉ እፎይ አለ። አትጠገብ «አይደለም፣ ኧረ እባካችሁ አይደለም!» ብትል ማን ይስማት? ወንድሟ ወለል ወለሉን ያይ ነበር።

በሳምንቱ አፍ አባሽ የሚባሉ ሹማምንት በከተማው ተሰማሩ። ሥራቸው ሰው ገጽ ከመሳሙ በፊት አፉን ማበስ ነው። ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ አፍ አባሽ፣ ለእያንዳንዱ አፍ አባሽ አንድ ጨርቅ ተሰጠ። ጨርቁ ላይ ለክብሩ የንጉሡ ፊት ተጠልፎበታል፤ ስለዚህ አይታጠብም። ሕዝቡ ተሰልፎ ከንፈሩን ያስጠርጋል፤ የታመመውም፣ ደኅናውም፣ ሽማግሌውም፣ ያው አንድ ጨርቅ። አትጠገብ ከሰልፍ ሰልፍ እየሮጠች «ተዉ! አታስነኩት!» እያለች ጮኸች፤ ዘበኞች ገፈታትረው አባረሯት።

በደብሪቱ ሰፈር አፍ አባሹ ደግ ሰው ነበር ይላሉ። ስንዱን እናቷ እቅፍ ውስጥ ሲያያት ሳቀላት፣ «ነይ የኔ እመቤት» አላትና ትንሿን አፏን ጥሩ አድርጎ አበሰላት። ልጅቷም ሳቀችለት።

አትጠገብ ተጠርታ ስትደርስ ስንዱ እንባ እንኳ አልቀረላትም። የሁለተኛው ሕመም የመጀመሪያውን አልመሰለም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀች።

የልቅሶው ዕለት በደብሪቱ ግቢ ሰው ተሰበሰበ። በጓሮ የሟቿን ልብስ ለማጠብ በትልቅ ድስት ውሃ ተጥዶ፣ እንዶድ ተወቅጦ ተጨምሮበት፣ ይንተከተካል። በግቢው መካከል ሰፌድ ተቀምጧል፤ እንደ አገሩ ወግ፣ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ገጽ ያወጣና ስሞ ሰፌዱ ላይ ያኖራል። ደብሪቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። አታለቅስም። አንዷ ሴት አዝላ ያመጣቻትን ልጇን «ሳሚ፣ እማማን አጽናኚያት» እያለች ገጹን ወደ ልጅቷ አፍ ስታስጠጋ፣ ደብሪቱ ተስፈንጥራ ተነሣች። ገጹን ከልጅቷ ከንፈር ላይ ነጠቀችው። ሰፌዱን አነሣች፣ ወደ ጓሮ ሄደች፣ ሁሉንም ድስቱ ውስጥ ዘረገፈችው።

«እብደት ነው፣ ሐዘን ነው» አለ አንዱ። አትጠገብ ወደ ድስቱ ሮጠች፤ ገጾቹን ልታወጣ የሮጠች መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። ማማሰያውን አነሣች። ደብሪቱን አየቻት፤ ከዚያ ማማሰል ጀመረች።

ውሃው ጠቆረ። ያ ሁሉ ቅባት፣ ያ ሁሉ ምራቅ፣ ያ ሁሉ ዘመን ለቀቀ፤ ከእርሱም ጋር ቀለሙ ለቀቀ። ደብሪቱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያወጣች ገመድ ላይ ሰቀለቻቸው። ነጭ ነበሩ። ፊት የሚባል ነገር አልነበረባቸውም።

«አሁን ይህ ምን ይገዛል?» አለ አንድ ድምፅ፣ በፍርሃት።

ከለቀስተኛው መካከል አያ ሙጬ የሚባል ጨው ነጋዴ ነበረ። ሁለት የልጅ ልጆች ቀልጥፈውበታል። እግሩን እየጎተተ ወደ ገመዱ ሄደ፤ አንዱን ነጭ ወረቀት ዳሰሰው፣ አሸተተው። እንዶድ እንዶድ ይላል።

«ደብሪቱ፣ ይህ ቅድም ገጽ ነበር?» አላት።

«ነበር፣ አያ።»

«ስጪኝ እስቲ። ነገ መጥተሽ አንድ ጣሳ ጨው ውሰጂ።» ተቀብሎ ሳይስመው ወደ ኪሱ ከተተው። ሰማይም አልወደቀም።

እንግዲህ የሆነው በፍጥነት ነው። በገበያው ዳር ድስት ተጣደ፤ ሌላ ተጨመረ። ነጋዴው ገጹን እየያዘ ይመጣል፣ ይቀቀልለታል፣ ነጭ ይዞ ይሄዳል። ነጩ ጨው ገዛ፣ ቅቤ ገዛ፣ በግ ገዛ። «ይህ ገጽ ነበር?» ይባላል፤ «ነበር» ይባላል፤ ይበቃል። ወደ ወንዝ የሚሮጠው ሰው እያደር ቀነሰ። መቃብር ቆፋሪው አንድ ቀን ጥላ ሥር ተቀምጦ ታየ።

ክንፉ ወታደር አስከትሎ መጣ። እህቱ በጭስ ዓይኗ ቀልቶ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ድስት ታማስላለች። በገመዱ ላይ የተሰጣውን ነጭ ወረቀት አየ፤ ሰው ከሰው በእርሱ ሲገበያይ አየ። ከሁሉ ያስደነገጠው ይኸኛው ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የጃንሆይ ፊት የት ሄደ?» አላት።

«ድስቱ ውስጥ» አለችው።

ወታደሮቹ ጥቁሩን ውሃ ሊደፉ አነሡና ቆሙ፤ የንጉሥ ፊት መሬት ላይ ይደፋ ዘንድ አይቻልም። ይሳም ቢባልም ያቃጥላል። ግራ ቢገባቸው ድስቱ ላይ ጥላ ዘርግተው ዘብ አቆሙለት። አትጠገብንና ደብሪቱን ግን አስረው ወሰዱ።

ችሎቱ በንጉሡ ፊት ሆነ፤ የንጉሥን ፊት ማጥፋት ከሞት የሚያደርስ ነገር ነውና። አደባባዩ በሰው ተሞላ። አትጠገብ ለደብሪቱ የመናገር ፋታ አልሰጠቻትም። «ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ ልጇ የሞተባት ሴት ምን ታውቃለች?» አለች። ደብሪቱ «ኧረ እሜቴ፣ እኔው ነኝ!» ብላ ብትጮህም፣ ዳኞቹ ሐዘን ያሳታት ናት ብለው ለቀቋት።

ሊቀ ከንፈር ተነሥቶ «የመጨረሻ ቃልሽን ተናገሪ» አላት።

አትጠገብ ወደ ዙፋኑ ዞረች። «ጃንሆይ፣ ሕዝብዎ ሁሉ ገጽዎን ይስማል። እርስዎ ግን አንድ ቀን ስመውት አያውቁም። ከሁሉ የከበረው፣ ያረጀው ገጽ ይምጣልዎትና ይሳሙት። ከሳሙት ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሞት ይፈረድብኝ።»

ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንቢ እንዳይሉ፣ ምን ምክንያት አላቸው? መሳም ሕግ አይደለም እንዴ? ክንፉ በወርቅ ሰሐን ላይ ከገጾች ሁሉ ያረጀውን ይዞ ወደ ዙፋኑ ወጣ። ንጉሡ ጎንበስ አሉ። ሽታው ደረሰባቸው። አንድ አፍታ ዓይናቸው የራሳቸውን ጥቁር፣ የተተለተለ፣ በቅባት ያበጠ መልክ አየ።

ንጉሡ ፊታቸውን ከገጻቸው አዞሩ።

ሁሉም አየ፤ ለማየት ዛፍ ላይ የወጣው ሳይቀር። ንጉሡ እጃቸውን አወዛወዙ፣ ተነሥተው ገቡ፣ መጋረጃውም ተዘጋ። ሞት የሚፈርድ አልተገኘም፤ ነፃ ናት የሚልም አልተገኘም። አትጠገብን ወህኒ አወረዷት። ዘብ ከቆመለት ድስት በቀር የፈላው ሁሉ ተሰበረ፤ ነጭ ወረቀት የያዘም እንዲገረፍ ታወጀ። የመሳሙም ሕግ እንደ ጸና ነው ተባለ።

በማግሥቱ በገበያ አንድ ወታደር አያ ሙጬን አስቆመው። ሽማግሌው ከደንበኛ አሮጌ ገጽ ተቀብሎ፣ ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በጣቱ ጫፍ ከረጢት ውስጥ ጣለው።

«ምን አደረግህ አንተ?»

«ንጉሡ እንዳደረጉት አደረግሁ፣ ጌታዬ» አለ አያ ሙጬ። «ጥፋት ነው እንዴ?»

ወታደሩ ትቶት ሄደ። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ ገጽ ሲቀበል ፊቱን ያዞራል። አፍ አባሾቹም ለሚያዞር ፊት ምን ያብሱ? ጨርቃቸውን አጣጥፈው ቆመው ይውላሉ። ደብሪቱ ቅቤዋን ትሸጣለች። እቅፏ ባዶ ነው፤ የሌላ ሰው ሕፃን ወደ ሸቀጧ ሲጠጋ ገጹን ከነጠላዋ ሥር ትሸሽገዋለች።

ክረምቱ ሲወጣ ክንፉ እህቱን ለመጠየቅ ወደ ወህኒ መጣ። ከስቷል፤ ካባው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። በፍርግርጉ ማዶ ተቀመጠ።

«ወፍረሻል» አላት።

«እዚህ ደኅና ነን» አለችው። «ከተማውስ?»

«ጸጥ ብሏል። የሚስም የለም። አውቃለሁ፣ የማያውቅ መስዬ አልፋለሁ።»

«አንተስ፣ ወንድም ጋሼ?»

«እኔ አቃቤ ገጽ ነኝ፣ አትጠገብ። ጠዋት ጠዋት በአደባባይ ወጥቼ ስስም የሚያየኝ ሰው አለ። እኔም ካዞርኩ እንግዲህ ምን ቀረ?»

አየችው፤ የጎደጎደ ዓይኑን፣ የደረቀ ከንፈሩን።

«ሆድህስ?» አለችው።

ድንገት ተነሣ፣ ካባውን ሰብስቦ ያዘ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ በሩ ፈጠነ። ዘበኞቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩለት። አትጠገብ ፍርግርጉን በሁለት እጇ ጨብጣ ተከትላው ጮኸች።

«ወንድም ጋሼ! ውሃውን አፍልተህ ጠጣ! ጨው ጣል አድርግበት፣ ማርም! ስማኝ፣ ክንፉ! ቶሎ ቶሎ፣ በማንኪያ፣ በማንኪያ!»